አራት የጎማ ክዳኖች

የልጅ ልጄ ሐና መኪናዋ ላይ የአባቴን ስም ለጥፋ መጣች። ይህን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ስም ባይለጠፍ ኖሮ እስከዛሬ እንደኖርኩት ዝም ብዬ እኖር ነበር።

ሐና የምትኖረው ቦከንሃይም የሚባል ሰፈር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ነው። እዚያ እንኳን ለመኪና ለብስክሌትም ቦታ በመከራ ስለሚገኝ፣ የእጅ ሥራ ሲኖራት እኔ ሰፈር፣ ግሪስሃይም፣ እኔ ቤት ትመጣለች። ከሕንጻችን ኋላ ሰፊ ሆፍ፣ የጋራ ግቢ፣ አለ። ግቢው ውስጥ መኪና መጠገን ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ እሷ ግን "ይሄ ጥገና አይደለም፣ ዝግጅት ነው" ትላለች።

"ኦማ፣ ነይ እዪ!" ብላ ከመስኮቴ ሥር ተጣራች። በጀርመንኛ አያቴ ማለቷ ነው። አንቱ ማለት አልተማረችም፤ እኔም አላስተማርኳትም።

ወረድኩ። መኪናዋ አሮጌና ትንሽ ናት፤ ግን አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስቱ ልጆች ወደ ዴንማርክ ሊሄዱባት ነው። እዚያ ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ መንዳት የሚፈቀድበት ደሴት አለ አለችኝ። አካፋ፣ ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ጣውላ፣ የመጎተቻ ገመድና በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጎማ መንፊያ መሬት ላይ ደርድራለች። የኋላውን ወንበር ነቅላ ግድግዳው ላይ አስደግፋዋለች። ክብደት ለመቀነስ ነው አለች። ልክ ናት፤ ልክ ናት ብዬ ልነግራት ስል የኋላውን በር አየሁ። በነጭ፣ በራሳችን ፊደል፣ ከእጄ መዳፍ የሚበልጥ ሆኖ "ተካ" ይላል።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኳት።

"ኡርኦፓ ነዋ! ያንቺ አባት። መኪና ስም ያስፈልገዋል። ፊደሉን ራሴ ነኝ የቆረጥኩት። ተሳስቻለሁ?"

"ፊደሉ ልክ ነው።"

"አሸዋ ላይ መንዳት በደማችን አለ ብዬ ለጓደኞቼ ነግሬያቸዋለሁ" አለችና ሳቀች።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እሳሎኔ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አለ። አባቴ አንድ እግሩን የጂፕ ፓራውልት ላይ አድርጎ፣ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ይታያል። ክራቫቱ ትከሻው ላይ ተጥሏል፤ ጎማ የሚነፋበት የእጅ ፖምፓ እግሩ ሥር አለ። ከኋላው ባሕር ነው። ጥግ ላይ የአንድ ሰው ክርን አለ፤ ሌላው አካሉ ከፎቶው ውጭ ነው የቀረው። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም ያን ፎቶ እያዩ አባቴ የአሰብን አሸዋ የገራ ሰው ነበር ብለው አደጉ። እኔ እንዲህ ብዬ ነግሬያቸው አላውቅም። ግን አይደለም ብዬም አላውቅም።

ሐና ጎማው ሥር ተንበረከከች። አዲሱን የነፋስ መለኪያዋን ልትሞክር ነው። የመጀመሪያውን ክዳን ፈታች። እጄ ለካ ሳላውቀው ተዘርግቷል፤ ክዳኑን መዳፌ ላይ ጣል አደረገችው። ከዚያ ነፋሱ ፍስስስ ብሎ ወጣ። ያ የታፈነ የጎማ ሽታ፣ ቀዝቃዛና ትንሽ መራራ፣ አፍንጫዬን መታኝ።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ከደሴ ተነሥቶ ከአሰብ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የጨው ማምረቻ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ እኔንና እናቴን ይዞን ወረደ። እዚያ የኖርነው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ቤታችን የቆርቆሮ ነበር። ጠዋት ስነሣ ከንፈሬ ጨው ጨው ይላል። እናቴ የሰቀለችው ልብስ ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይቆማል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምጫወተው ልጅ አልነበረም። ስለዚህ የማምረቻው ሾፌር ጋሽ ሁመድ ሲሠሩ ቆሜ አያለሁ።

ጋሽ ሁመድ የዚያው የባሕሩ ዳር አፋር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ። ከማምረቻው ተነሥቶ ውሃ መሳቢያው ሞተር ጋ ለመድረስ መንገድ የለም፤ በባሕሩ ዳር ለስላሳ አሸዋ ላይ ነው የሚነዳው። ስለዚህ በየጊዜው ከመነሣታቸው በፊት ጂፑን ያዘጋጃሉ። መጀመሪያ የማያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ ያወርዳሉ። ከዚያ አካፋ፣ ሁለት ጣውላ፣ ባዶ ጆንያና ውሃ ይጭናሉ። የፊት ጎማዎቹን መሃል በእጃቸው አዙረው ይቆልፋሉ፤ አራቱም ጎማ አብሮ እንዲጎትት። "አሸዋው ከያዘህ በኋላ አይደለም፣ ሳይዝህ" ይላሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አላውቅም፣ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። በመጨረሻ የአራቱንም ጎማ ክዳን ፈትተው እኔ እጅ ላይ ያኖራሉ። በክብሪት እንጨት የቫልቩን እምብርት ጫን ሲሉ ነፋሱ ይወጣል፤ የላላ ጎማ ሰፍቶ አሸዋው ላይ ይሄዳል እንጂ አይሰምጥም።

የእኔ ሥራ ሁለት ነበር። ክዳኖቹን መያዝና መቁጠር። አራቱም ጎማ እኩል እንዲተነፍስ ለእያንዳንዱ እኩል እቆጥራለሁ።

"ወርቄ፣ በልብሽ አትቁጠሪ፣ በአፍሽ ቁጠሪ" ይሉኛል። "በልብ የሚቆጥር ሰው ይሰርቃል።"

ያ ነፋስ መዳፌ ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዛል። እዚያ አገር የሚቀዘቅዝ ነገር አልነበረም። ውሃው ሞቅ ያለ ነው፤ ነፋሱም ከምድጃ እንደሚወጣ ያለ ነው። ስለዚህ ጎማው ውስጥ ያለው የደጋ አየር ነው ብዬ አመንኩ። መኪናው ከደሴ ሲወርድ ይዞት የመጣ፣ የእኛ ሰፈር አየር። ጋሽ ሁመድ በየቀኑ ሲለቁት ይቆጨኝ ነበር። አንድ ቀን ፊቴን ወደ ቫልቩ አስጠግቼ ስምግ አዩኝና "ምን ታደርጊያለሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። አልሳቁም። "እንግዲያው ይህችን ጎማ ቀስ ብለን እንልቀቃት" አሉ።

አንድ ቀን ደግሞ ለመጨረሻው ጎማ ቶሎ ቶሎ ቆጠርኩ፤ ፀሐዩ አናቴን አቃጥሎኝ ነበር። ሄደው ብዙም ሳይርቁ ተመለሱ። ወርደው ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉና በጣታቸው ከመሬት እስከ ቸርኬው ለኩት።

"መሪው ወደ ግራ ይጎትተኛል" አሉ። "ይህችን ስንት ቆጠርሽ?"

"ሃምሳ።"

"የማን ሃምሳ? የነጋዴ ሃምሳ ነው ይሄ። ድገሚ።"

ሲመለሱ ድንጋዩ መንገድ ከመጀመሩ በፊት ይቆማሉ፤ በፖምፓ መልሰው ይነፉታል፤ እኔ ክዳኖቹን አንድ በአንድ እሰጣቸዋለሁ። አንድም ቀን አሸዋ ይዟቸው አያውቅም።

በቀዝቃዛው ወራት፣ ማለት ሰው መተንፈስ በሚችልበት ወራት፣ አዲስ ኃላፊ ከአዲስ አበባ መጣ። ነጭ ጫማ ያደርግ ነበር። ጋሽ ሁመድን፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው፣ አንተ ይላቸዋል። የተነፈሱትን ጎማዎች መጀመሪያ ያየ ቀን በዱላው መታ መታ እያደረገ "ይሄ ምንድን ነው? ሽባ መኪና ነው እንዴ የሰጣችሁኝ?" አለ። ጋሽ ሁመድ ሊያስረዱት ሞከሩ። የተንጣለለውን ጎማ እያሳዩ፣ "ግመል እግሩ ለምን ሰፊ ሆነ፣ ጌታዬ?" አሉት። "ስለ ግመል ሲነግረኝ እንዴት ያለ ድፍረት ነው" ብሎ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አልረሳውም። ሰውየውን ለማስደሰት ከአፉ ጥግ ብቻ የወጣ ፈገግታ ነበር።

አንድ እሑድ ለኃላፊው እንግዶች መጡ፤ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች። ባሕሩ ዳር ወስዶ ሊጋብዛቸው ነው። ጋሽ ሁመድ ማልደው መጥተው መኪናውን አዘጋጁ። እኔም ቆጠርኩ፤ አራቱም ክዳን እጄ ላይ ነበሩ። ኃላፊው ወጥቶ ጎማዎቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"በእንግዶቼ ፊት በዚህ ልሄድ ነው? ተካ! ና ይሄን ንፋልኝ።"

አባቴ ኮቱን አወለቀ። ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወረወረና መንፋት ጀመረ። ላቡ ሸሚዙን አጣበቀው። ጋሽ ሁመድ "ተካ፣ ተው። አሸዋ ይበላታል" አሉት፤ ቀና አላለም። እኔ ግን ኮራሁ። አባቴ ጋሽ ሁመድን ሊያግዛቸው የተነሣ መሰለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነበር።

ሲጨርስ "ክዳኖቹን አምጪ" አለኝ። ሦስቱን ሰጠሁት። አራተኛዋን ትንሿ ጣቴ ላይ እንደ ልብስ ሰፊ የጣት ቆብ አጥልቄያት ስለነበር እጄን ከጀርባዬ ደበቅሁ። አንዷ ለእኔ ትቅር ብዬ ነው። አልጠየቀኝም፤ ቸኩሎ ነበር።

ያኔ ነው ከእንግዶቹ አንዱ ካሜራ ያወጣው። አባቴን እመኪናው ፊት አቆመው። ጋሽ ሁመድም አጠገቡ ቆመው ነበርና ኃላፊው "አንተ ፈቀቅ በል" አላቸው። ፈቀቅ አሉ። ክርናቸው ቀረ።

ስድስት ሰው በዚያች ትንሽ ጂፕ ተጠቀጠቀ። ቦታ እንዲገኝ አካፋውና ጣውላዎቹ ተጣሉ። ጋሽ ሁመድም ቀሩ፤ ኃላፊው ራሱ ነዳ። መኪናው ከዓይናችን ሲጠፋ ጋሽ ሁመድ አካፋውን ከመሬት አነሡና በእግራቸው ተከተሉት። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ዕድሜ። አባቴ ወደ ጥላው ገባ።

ከቀትር በኋላ እንግዶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በእግር ተመለሱ። ሴቶቹ ይስቁ ነበር፤ እኔም ደስ ያላቸው መሰለኝ። የሆነውን በኋላ ሰማሁ። ኃላፊው መኪናውን ውሃው አፋፍ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አድርጎ አቁሞ ኖሯል። ሲነሣ ጎማዎቹ ባሉበት ተሽከረከሩ። ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጉድጓዱን አጠለቀው። ባሕሩም በሰዓቱ መሙላት ጀመረ። ጋሽ ሁመድ ሲደርሱ ውሃው ቸርኬውን ነክቷል። ክዳኖቹን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ጎማዎቹን አስተነፈሱ፤ በአካፋው ቆፈሩ። ግን ረፍዶ ነበር። ጨው ውሃው ሞተሩ ውስጥ ገባ።

ሰዎች ለመጎተት ሲደርሱ ያዩት ይህን ነው፤ የተነፈሱ ጎማዎችና አጠገባቸው የቆሙ ጋሽ ሁመድ። ኃላፊው ጣቱን ወደ እሳቸው ቀሰረ። "አላልኳችሁም? ነፋስ የሌለው ጎማ እንዴት ይሄዳል?" ደገኛው ሠራተኛ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ እነዚያ ሰዎች ጋሽ ሁመድ ስንት ጊዜ በተነፈሰ ጎማ ሄደው እንደተመለሱ በዓይናቸው አይተዋል።

በማግሥቱ ቢሮው ፊት ባለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ወንበር ተደረደረ። ኃላፊው ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። አባቴ ከጎኑ ወረቀት ዘርግቶ ብዕሩን ያዘ። ጋሽ ሁመድ ንጹሕ ሸሚዝና ሽርጥ ለብሰው ቆሙ። እኔ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ነበር፤ ክዳኗ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነች። ሰው ሁሉ የተሰበሰበው በጠፋችው ክዳን ምክንያት መሰለኝ። ሌባዋ እኔ ነኝ።

ጋሽ ሁመድ ሦስት ክዳኖች ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ።

"እኔ ጎማ ሳስተነፍስ ክዳኖቹ ሁልጊዜ ከዚህች ልጅ ጋር ናቸው" አሉ። "ትናንት ጠዋትም ለእሷ ሰጥቻታለሁ። እባሕሩ ዳር ስደርስ ግን እነዚህ ሦስቱ ጎማው ላይ ታስረው አገኘኋቸው። ማን አሰራቸው? የነፋው ሰው ነው ያሰራቸው። የነፋው ሰው እዚህ ተቀምጧል። ይናገር።"

ኃላፊው ወደ አባቴ ሳይዞር "ተካ፣ አንተ ነፍተሃል?" አለ።

አባቴ ብዕሩን እያየ "እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ጎማ መንፋት የእኔ ሥራ አይደለም" አለ።

ውሸት እንኳ አይደለም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እንደ ወንድ አልነፋሁም ብሎ ቢዋሽ ይሻል ነበር።

"ጻፍ እንግዲህ" አለ ኃላፊው። አባቴ ጻፈ።

ጋሽ ሁመድ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ተነሣሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ "እኔ ነኝ የወሰድኳት" ልል አፌን ከፈትኩ። አዩኝ። ከዚያ አባቴን አዩት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲወድቅ አየሁ።

"ልጅቷን ተዉአት" አሉ። "በአባቷ ላይ አትቁም።" የመኪናውን ቁልፍ ከሦስቱ ክዳኖች አጠገብ አኖሩና ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማምረቻው ውስጥ አልሠሩም።

ማታ ራት ስንበላ አባቴን ጠየቅሁት። እንዲህ ነበር ያልኩት፤ "አባዬ፣ ጋሽ ሁመድ የተባረሩት በክዳኗ ምክንያት ነው?" ክዳኗን አውጥቼ ሰጠሁት። በጣቶቹ አገላበጣትና መለሰልኝ። እናቴ እጇን ከገበታው ላይ አነሣች።

"አዎ" አለኝ። "እንግዲህ ለማንም እንዳትናገሪ። ደብቂያት።"

የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ሸክም ከራሱ አውርዶ እኔ ላይ ጫነው፤ ከዚያም እንጀራውን መብላት ቀጠለ። እናቴ ግን አልበላችም።

ምን ያህል ቀን እንደሆነ አላስታውስም፤ ሌሊት አልተኛም፣ ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ እደነግጣለሁ። በመጨረሻ ክዳኗን ይዤ ጋሽ ሁመድ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር፤ ባለቤታቸው አጠገባቸው ዓሣ ትሰነጥቃለች።

"ይቺው" አልኳቸው። "እኔ ነኝ የሰረቅኋት። ለኃላፊው ይስጡትና ወደ ሥራዎ ይመልስዎታል።"

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

"አባቴ።"

ጋሽ ሁመድ መረባቸውን አስቀመጡ። ባለቤታቸው ግን ቢላዋዋን እንደያዘች ብድግ አለች።

"አባትሽ! አባትሽ ነው የነፋው! ሰው ሁሉ ያውቃል! ደግሞ በሕፃን ያሳብባል?"

"ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ።"

"አልልም! ለዚያ ለነጭ ጫማው ዝም አልክ፣ ለጸሐፊው ዝም አልክ፣ አሁን ደግሞ እኔን ዝም በይ ትለኛለህ?"

ጋሽ ሁመድ ክዳኗን ከእጄ ወስደው በአውራ ጣታቸው አሸዋዋን ጠረጉላትና መልሰው መዳፌ ላይ አኖሯት። "ወርቄ፣ ክዳን የሌለው ጎማም ይሄዳል" አሉኝ። "አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሂጂ ተጫወቺ።"

ወደ ቤት ስመለስ ያ ፖምፓ፣ ያ ክራቫት፣ ያ "ክዳኖቹን አምጪ" አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር አንድን ነገር እስከ መጨረሻው ያሰብኩት። አሰብን ከመልቀቃችን በፊት ጋሽ ሁመድን አንዴ ብቻ አየኋቸው፤ ወደቡ ላይ ጆንያ ተሸክመው ጎንበስ ብለው ይሄዱ ነበር። አላዩኝም። እኔም አልጠራኋቸውም።

ክዳኗ የት እንደጠፋች አላውቅም። ፎቶውን እንግዳው በፖስታ ላከው፤ እናቴ በመስታወት አስገባችው። አባቴ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ ሲያየው አላየሁም።

ይህን ሁሉ ለሐና ሆፉ ውስጥ ቆሜ ነገርኳት። ጀርመንኛ ስትናገር አማርኛ ስመልስ፣ ያልገባትን ስደግምላት፣ ብዙ ጊዜ ወሰደ። በላያችን አውሮፕላኖች ወደ ማረፊያው ዝቅ እያሉ ያልፋሉ፤ ሲጮኹ ቆሜ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ "ይህን ስም አንሺው" አልኳት።

"ግን አባትሽ ነው፣ ኦማ።"

"አባቴ ነው። አንሺው።"

የሚያስለቅቅ ሙቅ ውሃ ከላይ አመጣሁ። "ተ" በቶሎ ለቀቀች። "ካ" አስቸገረች፤ በጥፍሬ ፋቅኋት። ሐና ቆማ አየችኝ። እንዲህ ስቆጣ አይታኝ አታውቅም።

"ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?" አለችኝ።

"ፎቶው ሲዋሽ እኔ መዋሸት አላስፈለገኝም" አልኳት። ጥሩ መልስ አይደለም። ግን ሌላ የለኝም።

ስልኳን አወጣች። ፎቶውን ለጓደኞቿ ለማሳየት ቀድሞ ቀርጻው ኖሯል። ሁለት ጣቷን ዘርግታ አተለቀችው። ክራቫቱን አየች፤ ፖምፓውን አየች። ከዚያ ወደ ታች ወደ ጎማው አወረደችውና ፊቷን አስጠጋች። ጠዋቱን ሙሉ ከጎማ ጋር ስትታገል የዋለች ልጅ ናት።

"ኦማ! ጎማው እኮ ሙሉ ነው! እዪው፣ ድንጋይ ነው የሚመስለው! ያን ጊዜ ማንም ይህን ፎቶ አላየም?"

"አላየም።"

ፊቷ ቀላ። በጀርመንኛ ልደግመው የማልችለውን ነገር ተናገረች። ከዚያ ፎቶውን በጣቷ ወደ ጥግ ገፋችው፤ ያ ክርን የስልኩን መስታወት ሞላው። እጅጌው እስከ ላይ የተጠቀለለ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ክርን።

"ይሄ ነው?" አለችኝ።

"እሳቸው ናቸው" አልኳት።